ከጀርባው ይተነፍሳል

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ስከትፍ ኖርኩኝ፤
ለወጥ አይደል፣ ለላም አይደል፣ ለዓይን ነው የቀጠሩኝ።
እርሻ ኮሌጁ ግቢ፣ ከምድር ቤቷ ክፍል፣
ከመርካቶ የገዛሁትን ካሮት እሰነጥቅና
ቅጠሉን እንደ ምስጢር ደብዳቤ እሸጉጥና
በጺም ምላጭ እልጠዋለሁ፣
ጋዜጣ ላይ ባሳርፈው ፊደል እስኪያስነብብ።
ዶክተሮች መጥተው ሄዱ፤ ምላጩና እኔ ቀረን።

ረውዳ የመጣች ዕለት ሐምሌ ነበር፣ ያካፋል፤
ጃንጥላዋ ከበር ሥር ኩሬ ሠርቶ ይንጠባጠባል።
ከደብተሯ መሃል አወጣች የአባቷን ጓሮ ቡና፣
ከጎማ፣ ከአጋሮ ማዶ፤ የቅጠሉ ፊት ደህና፣
ጀርባው ግን ብርቱካናማ ዱቄት የነሰነሱበት።
«አባቴ ምች ነው ይላል፤ እርስዎስ ምን ይሉታል?»

«ቆይ» አልኳት፣
«ሕመም የሚነበበው ጤናን ካነበቡ በኋላ ነው።»
ከግቢያችን ቀጥፌ ደህናውን አስቀደምኩት።

እዪ፣ ላዩ ሰም ነው፤
ውሃውን ከውስጥ የሚያኖር፣ ዝናቡን ከውጭ የሚመልስ።
ጫፉ መሾጠጡ ለጌጥ እንዳይመስልሽ፤
የጅማ ዝናብ አንዴ ከጀመረ መቼ ያባራልሽ?
ጫፉ አሸንዳው ነው።
ከሰሙ ሥር ወርቁ አለ፣ አረንጓዴ ወርቅ፤
ቀጫጭን ረዣዥም ሕዋሶች፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ፣
ፀሐይ ከላይ ስትወርድ አንዲት ጨረር እንዳታመልጥ።
ከእነሱ ዝቅ ብሎ ግን ሰልፉ ይፈርሳል።
የሄርመታን የሐሙስ ገበያ አይተሻል? እንደዚያ፣
እዚህ አንዱ፣ እዚያ አንዱ፣ መሃሉ መተላለፊያ፣
አየር ሸቀጡን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚልበት።
በደም ሥሩ ውስጥ ደግሞ ሁለት መንገደኛ አለ፤
ውሃ ከሥር ወደ ላይ፣ ስኳር ከቅጠል ወደ ታች፣
ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ አንድ ቀን ተጋፍተው አያውቁም።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ።
የአጉሊ መነጽሩን መስታወት ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤
ደመናው ገለጥ ብሎ ነበር፤
ቅጠሉን፣ እሱ ራሱ በሚበላው ብርሃን አየነው።

ጀርባውን ልታይ ስትል
ከቦርሳዋ ቀለም የለሽ የጥፍር ቀለም አወጣች፤
ቀባችው፣ እፍ አለችው፣ ሲደርቅ በፕላስተር ላጠች።
በሮቹ ታትመው ወጡ፤
በየበሩ ሁለት ዘበኛ፣ ከንፈር ለከንፈር የተያዩ፣
ውሃ ጠጥተው ሲጠግቡ ጎበጥ ብለው የሚለያዩ፣
ሲጠማቸው ልፍስፍስ ብለው በሩን የሚገጥሙ።
«ዘበኛ ጠግቦ ነው የሚከፍተው?» ብላ ሳቀች ረውዳ።
በደም ሥሮቹ ብብት ትንንሽ ዋሻዎች አሉ፤
ከዓይን የማይገቡ ነፍሳት ያድሩባቸዋል፤
ኪራይ በገንዘብ አይጠየቁም፣ ቅጠሉን ይጠርጋሉ።

ያን ጊዜ የአባቷን ቅጠል ከብርሃኑ ላይ ጣልነው።
ወርቅ አይዝግም ያለን ማነው?
ዝገት ነው። ምች አይደለም፣ ዝገት።
ሰሙን አልበሳ፣ ጣራ አላፈረሰ፤
ከዝናብ ጠብታ ውስጥ በቅሎ፣ እየዳበሰ ሄዶ
ክፍት በር አገኘ፣ ገባ።
ገበያውን በልቶ ሲጠግብ
በዚያው በር ብቅ ብሎ ዱቄቱን ለነፋስ ሰጠ።

«ታዲያ ለምን አይዘጋውም?»
«ምሳውም የሚገባው በዚያው ነው፣ የኔ ልጅ።»
ምላጩን ጠረግሁ። ሌላ የምላት አልነበረኝም።
ለአባቷ ምን ብላ እንደምትነግረው
ጃንጥላዋን እስክትዘረጋ ስታስብ ቆየች።

ማታ ቤቴ ስገባ፣
ሌባ ከገባብኝ ጀምሮ በሚስማር የመታሁት መስኮት አለ፣
ጉጠት ይዤ ቆምኩበት።
አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ።
ሦስተኛው ዝጎ ኖሮ እንቢ አለ።
በተገኘው ስንጥቅ የአዌቱ ጭቃ ሽታ ገባ፤
ትንኝም አብሮ ገባ።